የእኛ ውሻ፣ የጎረቤት ሚዳቋ

ያ ውሻ ቤታችን የገባው በባለቤቴ ይሉኝታ ነው። ቡናና ቆዳ እየገዛ ወደ ባሕር ማዶ የሚልክ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ባለቤቴ ጭነቱን እስከ ድሬዳዋ ባቡር እያጀበ ያደርስለታል። ሰውየው ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ለአንዱ ፋኖስ፣ ለአንዱ ብርድ ልብስ፣ ለአንዱ የብረት ድስት አደለ። ለባለቤቴ ውሻ ሰጠው። እምቢ ማለት ነውር መስሎት ተቀብሎ መጣ። ድስቱ ለማን እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

«ተራ ውሻ አይደለም» አለኝ ገና በር ላይ ቆሞ፣ ፊቴን አይቶ። አባቱ ጥንቸል ሮጦ የሚይዝ ዘር፣ እናቱ ደግሞ በግ ጠባቂ ናት፤ ፈረንጆቹ ሩጫና ብልሃት አንድ ላይ እንዲገኝ ብለው ሆነ ብለው ያዳቅሏቸዋል አለኝ። እኔ ያየሁት እግሩ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፣ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ፣ ጠጉሩ የተንጨባረረ ግራጫ ፍጡር ነው። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። የአንድ ወታደር ቀለብ በልቶም አይሞላም። ፈላና በር በሚባለው የከተማው መግቢያ የሚያልፍ ሁሉ ደጃችን ላይ ተጋድሞ ሲያየው «ምነው ይህን ፍጡር በረሃብ ገደላችሁት» ይለኛል። ከቤቴ ማንም ተርቦ ወጥቶ አያውቅም፤ በአንድ ውሻ የተነሳ የንፉግ ስም ወጣልኝ።

ደግሞ እንደ ሌላ ውሻ ውጭ አያድርም። ቆዳው ስስ ነው፣ ብርድ አይችልም፣ ይላል ባለቤቴ። መደብ ላይ ወጥቶ ይተኛል፤ ሳባርረው ያን ረጅም አንገቱን ጭኔ ላይ አስደግፎ ያየኛል። የሰቀልኩትን ቅቤ ያወርዳል፣ ክዳን ይከፍታል፣ ከሌማት እንጀራ ሲሰርቅ ኮሽታ እንኳ አያሰማም። ባለቤቴ ማታ ከሥራ ሲገባ ከኔ በፊት የሚቀበለው እሱ ነው። እግሩ ሥር ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ባለቤቴም ለኔ ያልነገረኝን ሁሉ ለሱ ያወራለታል። ስም ሁሉ አውጥቶለት ነበር። እኔ ግን «ያ ውሻ» ከማለት ሌላ ጠርቼው አላውቅም።

በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑን ጎረቤታችን መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። የከተማው ተወላጅ ሙስሊም ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም ቁርዓን ሲጠርዙ የኖሩ። ባቡር ከመጣ ወዲህ ግን የታተመ ቁርዓን ከነሽፋኑ በሣጥን በሣጥን ሆኖ መግባት ጀመረና ሥራቸው ተቀዛቀዘ። እሳቸው ይህን ለማንም አይናገሩም። በየቀኑ በራቸውን ከፍተው፣ ቆዳቸውን ዘርግተው፣ ሥራ እንደበዛበት ሰው ጎንበስ ብለው ይቀመጣሉ።

ሚስታቸው ባልንጀራዬ ነበረች። ከባሏ ብዙ ታንሳለች፤ የኔ እኩያ ናት። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ ሩቅ አገር ነበረች፤ ሁለት ቀን ሙሉ ወገቤን ይዛ የተቀመጠችው እሷ ናት። ያ ውሻ በመጣበት ዓመት ሳል ጀመራት። ከዚያ መክሳት ጀመረች፤ አምባሯ ከእጇ እየወለቀ ሲወድቅ ጊዜ አውልቃ አስቀመጠችው። ያያት ሐኪም የሥጋ መረቅ ሳይቋረጥ ትጠጣ አለ፤ ከተቋረጠባት መጪውን ክረምት አትሻገርም ብሎ ለባሏ በግልጽ ነገራቸው።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ አራት ዶሮ ከነሕይወታቸው ላከላቸው። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትንም እኛ አንበላም፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም፣ አብረን የኖርነው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ራሳቸው እንዲያርዱ ብሎ ነው። ጠራዡ ዶሮዎቹን ተቀበሉ። በሳምንቱ ለባለቤቴ የዳዊት መጽሐፍ ማኅደር ሰፍተው አመጡ፤ ሐረግ የተቀረጸበት ቀይ ቆዳ፣ ከአራት ዶሮ እጅግ የሚበልጥ። ለሥራ ያስቀመጡት የመጨረሻው ቆዳ እንደነበረ በኋላ ሰማን። ባለቤቴ ማኅደሩን እያገላበጠ ተቀመጠ፤ ለኝህ ሰው መስጠት ማለት እሳቸውን ማራቆት ማለት መሆኑ ገብቶታል። ከዚያ ወዲህ ምንም አልላከም። እኔም ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ተውኩት። ዘመዶቻቸው ይረዷቸው ይሆናል ብዬ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ማለዳ ግን ባለቤቴ በራቸው ላይ ቆሞ «ብቻዬን ይሰለቸኛል፤ ከውሻው ጋር ለአደን ሐኪም ጋራ ተራራ ላይ አብረን ብንወጣስ?» ሲላቸው ሰማሁ። የኔ ብስጭት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ያ ውሻ ሲያዩት እንዲያ ነው እንጂ ሲለቁት ነፋስ ነው ይሉ ነበር፤ አልክድም። ግን የሚይዘው ሁሉ ለኛ አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ጥንቸል ነው፤ ጥንቸል ለኛ ርኩስ ነው፣ በቤታችን ድስት አይገባም። ለጠራዡ ግን ሐላል ነው። ሚዳቋ እኛም እንበላለን፤ ነገር ግን ውሻው ጉሮሮዋን ነክሶ ገድሏት ከተገኘች፣ በስመ አብ ተብሎ ሳትታረድ የሞተች በክት ናት፣ ለኛ ክልክል። ጠራዡስ? ሄደው ሼሃቸውን ጠየቁ። የተማረ የአደን ውሻ በቢስሚላህ ከተለቀቀ፣ ከያዘውም ራሱ ካልበላ፣ ገድሎ ያገኙትም ይበላል ተባሉ። «እንግዲያው የሚለቁት እርስዎ ይሁኑ» አላቸው ባለቤቴ፤ ምን ቸገረው። በሕይወት የተገኘችውን ደግሞ ቀድሞ የደረሰ ይረዳት፣ ያረደው ቤት ይብላ ተባባሉ።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ጥንቸሉ የሳቸው። ሞቶ የተገኘው የሳቸው። ለኛ የቀረን በሕይወት የተያዘው ብቻ ነው፤ ባለቤቴም ያን ውሻ ሳይገድል መያዝ ለማስተማር ወራት ፈጅቶበታል፣ እውነቱን ለመናገር ተሳክቶለታል። ግን አንድ ቀን እንኳ ቀድሞ ደርሶ አያውቅም።

«እሳቸው እኮ አሥር ዓመት ይበልጡሃል» እለዋለሁ። «ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ቆዳ የሚሰፉ ሰው ናቸው። አንተ ከዚህ ድሬዳዋ በእግርህ ትመላለሳለህ። ዳገት ላይ ሽማግሌ እንዴት ይቀድምሃል?»

«ጉልበቴን» ይለኛል፤ ጉልበቱን እያሻሸ።

ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል። የኛው በኔ ቤት በልቶ ለጎረቤት ያድናል።

የመታጠቡም ነገር አለ። የውሻ ምራቅ ለጠራዡ ነጃሳ ነው። አፉ ከነካቸው ሰባት ጊዜ መታጠብ አለባቸው፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር። ቁርዓን የሚነካ እጅ ስለሆነ ሲታጠቡ አይቸኩሉም። ሥጋውንም የተነከሰበትን ቦታ እንደዚያው ያጥባሉ። የሚታጠቡት ደግሞ ወደ ቤታቸው ሳይገቡ፣ በኛ ደጃፍ፣ በኔ እንስራ ውኃ ነው። ያን ጊዜ ውኃ ከምንጭ በሰው ጀርባ ነበር የሚመጣው። እኔ ቆሜ እቀዳላቸዋለሁ፤ አምስተኛው ላይ ስንደርስ ጥርሴን መንከስ እጀምራለሁ። እንዲህ የሚጠነቀቁ ሰው ምን ቢጠናባቸው ነው ከውሻ ጋር ጋራ ለጋራ የሚንከራተቱት ብዬ ግን አልጠየቅኩም። የሚታየኝ እንስራዬ ብቻ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ አረፍኩ ብዬ ነበር። ባለቤቴ በሁዳዴም ወጣ።

«ይዘህ የማትበላውን ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?»

«ውሻው እግሩ እንዳይታሰር።»

የንስሐ አባታችን ይህን ሰምተው መጡና «በጾም የሚያድነው ለማን ነው?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቄ? ለውሻው እግር አልኳቸው። እሳቸውም ተናደው ሄዱ። በጥቂት ወራት ውስጥ ንፉግም፣ ጾም አፍራሽም ተባልን፤ ሥጋ ሳንቀምስ።

ቀትር ላይ የነሱ ድስት ጠረን በግድግዳው ላይ አልፎ ይመጣል። ባልንጀራዬ መረቋን በመጠጣቷ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ሳሏ ጋብ ብሎላት፣ ደጅ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ ጀምራ ነበር። ግን ሰው ሁለት ልብ አለው። በአንደኛው ልቤ እሰይ እላለሁ፣ በሁለተኛው ሽሮዬን እያማሰልኩ ያን ውሻ እረግማለሁ።

የማኅበሬ ተራ የደረሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። ባለቤቴ በዚያ ቀን የሚዳቋ ጥብስ አይቀርም ብሎ ቃል ገባልኝ፤ እኔም አፌን ሞልቼ ለሴቶቹ ተናገርኩ። ሴቶቹ መጥተው ተቀምጠው ሳለ አዳኞቹ ተመለሱ። ፊት ፊት ጠራዡ፣ ሚዳቋዋን ትከሻቸው ላይ አጋድመው። ከኋላ ባለቤቴ ባዶ እጁን። ከሱ ኋላ ያ ውሻ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ደስ ብሎት። አንዷ ሴት አየችና «እንዴት ያለ ሯጭ ነው እናንተ» ብላ አደነቀች፤ ቀጥላ ደግሞ «ለመሆኑ ውሻው የማን ነው? የእናንተ ነው የጎረቤት?» አለች። ሁሉም ሳቁ። ምስር ወጥ አቀረብኩ።

በማግስቱ ከልጄ ክርስትና የተረፈ ሰማያዊ የሐር ክር ከሣጥኔ አወጣሁና በውሻው አንገት አሰርኩ። ሴትየዋ አድንቃዋለች፣ ቡዳ እንዳይበላው ነው፣ አልኩ ለራሴ። ባለቤቴም ሲጠይቀኝ ያንኑ ነገርኩት፤ እሺ ብሎ አለፈ። ማተብ እንደሚመስል አላወቅኩም ብል ውሸት ነው። ሆን ብዬ ነው ያሰርኩት ብልም ሙሉ እውነት አይሆንም። እጄ ግን ያውቅ ነበር።

በነጋታው ማለዳ ጠራዡ እንደ ወትሮው ዱላቸውን ይዘው መጡ። ውሻው ሊቀበላቸው ተነሳ። አንገቱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ አንዴ ብቻ።

«ዛሬ ሥራ አለብኝ» አሉት ለባለቤቴ።

በማግስቱም ሥራ አለብኝ አሉ። በሦስተኛው ቀን በራቸው አልተከፈተም። ባለቤቴ ብቻውን ወጣ፤ ውሻው የገደለውን ጥንቸል ቢስሚላህ ያለበት ስለሌለ ለማንም ሊሰጠው አልቻለም፣ ጋራው ላይ ለአሞራ ጥሎት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መውጣቱን ተወ። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የውሻውን ጆሮ እያሻሸ የጠራዡን በር ያያል። ምን እንደሆኑበት አልገባውም። እኔ በልቤ ጠርጥሬ ነበር፤ አልነገርኩትም። ይመለሱ የለ፣ ሥጋ እምቢ የሚል አለ? እያልኩ።

ቀናቱ ሄዱ። የጎረቤት ድስት ጠረን ጠፋ። ሳሉ ግን ተመለሰ፤ በግድግዳው አልፎ ቀትርም ማለዳም ይሰማኛል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጠይቃት ገባሁ። ተኝታለች። ዓይኔን ከእሷ ለማሸሽ ግድግዳውን ባይ ባዶ ነው። ለሠርጓ በገዛ እጇ የሰፋቻቸው፣ ከላይ እስከ ታች ተሰቅለው የነበሩት ሰፌዶችና ሙዳዮች የሉም።

«ሰፌዶችሽስ?»

«ፈረስ መጋላ ገበያ ወረዱ» አለችኝ። «ወርደው አለቁ። ምን ላድርግ እህቴ፣ እስከ ባለፈው ወር ያኖረን ውሻችሁ ነበር። እሱንም አጠመቃችሁት አሉኝ።» ልትስቅ ስትል ሳሉ ያዛት። ደገፍኳት፤ ጀርባዋ በእጄ ውስጥ አጥንት ብቻ ነው።

«ማን አለ?» አልኩ፤ እያወቅኩ።

«ሰውየዬ። ማተብ ያሰረ ውሻ በቢስሚላህ አልለቅም አለ። ጎረቤቶቼ ይብቃህ ሲሉኝ በጨዋ ደንብ ነው የነገሩኝ አለ። እናንተን አልተቀየመም፣ ወላሂ አልተቀየመም። ለካ ለማኝ ሆኜ ኖሬአለሁ ብሎ አፍሮ ነው።»

ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። ቤቴ ገብቼ ክሩን በቢላዋ በጠስኩት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣ በወደድኩ። የውሻውን ጠፍር ከግድግዳ አውርዶ ሰጠኝና «የዘጋሽውን በር አንቺው ሄደሽ ክፈችው» አለኝ።

ያን ውሻ በጠፍር ይዤ ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጠራዡ እንደ ልማዳቸው ባዶ ሥራቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል። በራቸው ላይ ቆምኩ።

«ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ባለቤቴ አያውቅም።»

«ለቡዳ ነው?» አሉኝ። መውጫ መስጠታቸው ነው።

እንዲያ ብዬ ልውጣ አልኩና አቃተኝ። «አይደለም» አልኩ። «ቀንቼ ነው።»

ወስፌአቸውን አስቀመጡ፣ ቆዳቸውን አጣጠፉ፤ እኔ ቆሜ ስጠብቅ ያን ሁሉ በቀስታ አደረጉት። «ቅናት ሐራም ነው፤ ግን የማይበላው የለም» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ማለዳ ኢንሻ አላህ። ጠፍሩን የምትይዢው ግን አንቺ ነሽ።»

እንዲህ ሆኖ እኔ፣ የማኅበር ሴት፣ በጠዋት ፈረስ መጋላን አቋርጬ በውሻ እየተጎተትኩ ሐኪም ጋራ ወጣሁ። ያየኝ ሁሉ አስተያየት ነበረው። ውሻው ሽታ ባገኘ ቁጥር ክንዴን ይነቅለዋል። ነጠላዬ በእሾህ ተቀደደ። ሁለቱ ሰዎች ፊት ፊት ስለ ዝናብ እያወሩ ይሄዳሉ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልተያዩ አይመስሉም።

ከቁጥቋጦ ውስጥ ሚዳቋ ተነሳች። ጠራዡ ጠፍሩን በሻሽ ጫፍ ተቀበሉኝና «ቢስሚላህ» ብለው ለቀቁት። ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያ መደብ ላይ የሚጋደም ሌባ መሬት የሚነካ አይመስልም፤ ጠመዝማዛውን ዳገት እሷ ስትዞር እሱ እያቋረጠ አናቱ ላይ ደረሰባት። ትከሻዋን ይዞ ጣላት፣ ላይዋ ላይ ተጋደመ፣ ጉሮሮዋን አልነከሰም። ቀና ብሎ የሚመጣውን ሰው ይጠብቃል።

ሁለቱም ሮጡ። እኔ ከሥር ሆኜ ሁሉንም አያለሁ። ባለቤቴ ጉልበቱን የሚያመው ሰው አይደለም። ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ፣ ጠራዡ ገና ግማሽ ዳገት ሳይደርሱ፣ ሚዳቋዋ ጋ ደረሰ። በሕይወት አለች፤ እግሯ ሲንፈራገጥ ይታየኛል። ቢላዋው ወገቡ ላይ ነው። እረዳት እንጂ፣ አልኩ በሆዴ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ እንዲያ ነው ያልኩት።

እሱ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ጠራዡ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ አንዴ በዱላ አንዴ በእጃቸው እየተደገፉ ይወጣሉ፤ አቀርቅረዋልና ወደ ላይ አያዩም። ባለቤቴ ከሚዳቋዋ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ወደ ቁልቁለቱ ወረድ አለና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እግሩን ጭኑ ላይ አነባብሮ እሾህ እንደገባበት ሰው የውስጥ እግሩን መፈተሽ ጀመረ። ጠራዡ እያለከለኩ አጠገቡ አለፉት። ሄደው አረዷት።

«ዛሬም ቀደምኩህ» ሲሉት ሰማሁ።

«ምን ይደረግ» አላቸው። «እሾህ።»

ከዚያ ቁልቁል ሲያይ ዓይናችን ተገናኘ። እኔም ቶሎ ብዬ የተቀደደ ነጠላዬን አየሁ።

ሥጋው ሲገባ ባልንጀራዬ ጋ ሄጄ እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ። መረቁ እስኪፈላ አልተነሳሁም። በጎድጓዳ ሳሕን ቀድቼ ወስጄ ቀና አድርጌ ደገፍኳት። ሁለት ጊዜ ፉት አለችና አረፈች።

«አብረሽ ወጥተሽ ነበር አሉ» አለችኝ። «በሕይወት ነው የተገኘችው?»

«በሕይወት።»

«ማን ቀደመ?»

«ባልሽ» አልኳት።

«ሮጦ?»

«ሮጦ። የኔውማ እግሩን ይዞ ቁጭ ብሎ ነበር።»

ባሏ ደጅ ሆነው እጃቸውን ሲታጠቡ ይሰማናል። እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለሰው አይናገርም እንጂ ድሮም ሯጭ ነው» አለችኝ። እንዲህ ኮርታ ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ሳሕኑን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ይዛ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።